አሥር የማይሰጡት መምህር

ቢቸና፣ ኅዳር 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ከአጎቴ ልጅ ከእታለም ስርጉት አስናቀው፣ በረዶ አገር።

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከውበቴ ጩኸት በቀር ምንም አልሆንሁም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ውበቴ ሚኒባሷን የሚነዳው ነው። እኔ በሯን ይዤ በመንገደኛው ላይ እጮኻለሁ፣ እሱ መሪዋን ይዞ በእኔ ላይ ይጮኻል፤ እንዲህ ተደጋግፈን ቢቸናን ከሞጣ እናገናኛለን።

ስልክ ላይ ታሾፍብኛለህ፣ ጻፍልኝ ባልሽው መሠረት ይኸው ጻፍሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተማረኝ መንግሥት ዛሬ ደስ ይበለው። ኢንተርኔቱ እንደሆነ ከተዘጋ ሰንብቷል። በኢንተርኔት የሚሰጠውን ትምህርትሽን በፖስታ ስንጀምረው በዓለም የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም።

የገባኝን ልድገምልሽ፤ ካልሆነ ታርሚኛለሽ። መሥሪያ ቤትሽ ለገጠር መምህራን በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት ያዘጋጃል፤ ማየትና መስማት የተሳናቸውን ልጆች እንዴት እንደሚያስተምሩ። በየምዕራፉ መጨረሻ ማሰላሰያ የምትዪው ጥያቄ አለ። ትክክል ስህተት የለውም፤ ሰው ልቡ ያለውን ይመልሳል። አንቺ ደግሞ ጥያቄውን የምታበጂው ዓይነ ስውሩም፣ የማይሰማውም፣ እጁ መጻፍ የማይችለውም እኩል እንዲመልሰው አድርገሽ ነው። እኔ ለአገሩ ሰው እያነበብሁ እሞክርልሻለሁ። ገብቶኛል። ያልገባኝ አንድ ነገር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔ ተማሪ ሳለሁ የት ተደብቆ ነበር?

በይ ውጤቱን ስሚ። የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ዛሬ ምን ይሰማዎታል?» ይላል። ጠላ ሻጯን ዘሪቱን ጠየቅኋት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ ደህና ነህ?» አለች።

«ደህና ነኝ።»

«እናትህስ?»

«ደህና ናት።»

«ላሟ ወለደች?»

«ወለደች።»

እንዲህ ተጠያይቀን አንድ ጣሳ ቀድታልኝ ተለያየን። ውበቴን ጠየቅሁት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የመናኸሪያውን ተራ አስከባሪ ጠየቅሁት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እታለም፣ አንቺ የላክሽው ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ለሰላምታ ደግሞ እኛ አገር መልሱ አንድ ነው። ሰው የሞተበት ቤት እንኳ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል፤ ሌላው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። «የተሳሳቱበትን ቀን ያስታውሱ» ስል የዘሪቱ ፊት ተለወጠ። «ማነው የላከህ? ቀበሌ ነው?» አለች። ስርጉት ናት፣ ከስዊድን፣ ብላት «እሷን ደግሞ ምን አድርጌያት ነው የምትከሰኝ?» ብላ ጣሳውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ጎረቤታችን ወለተ ሐና ግን ረጋ ብላ ሰማችኝና «ይህ ለነፍስ አባቴ የምናገረው ነው። ላንተ ምን ብዬ? እንኳን ነፍስ አባት ነፍስም ያለህ አትመስል» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ለጋሼም ሞጣ ድረስ አደረስሁላቸው። አባትሽ ጆሯቸው ከዓመት ዓመት እየተዘጋ ነው፤ በስልክ አንቺን መስማት ካቆሙ ቆይተዋል። እኔን ግን ይሰሙኛል፣ ይህ ጉሮሮ ለመናኸሪያ የተፈጠረ ነው። ወረቀቱን ሰጥቻቸው መልስ ይጽፋሉ ብዬ ስጠብቅ ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ እስክሪብቶው ጡረታ አይወጣም። ጥያቄሽን አልመለሱትም፣ አረሙት። «ሐሳቡ መልካም፤ አጠያየቁ የመርማሪ። ከአሥር ስድስት።» ይኸው ከነቀለሙ ልኬልሻለሁ።

«ለልጅዎ ሰባት ቢሞሉላት ምን አለ?» ብዬ ጆሯቸው ላይ ጮኽሁ።

«ልጄ ስለሆነች ነው ስድስት የሰጠኋት» አሉ።

ብርዱ ከአፍንጫሽ እንዳያልፍ እየጸለይሁ፣ ይህን ጨረስሁ።

የአክስትሽ ልጅ የኔሰው

*

ስዊድን፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለማትረባው ለምወድህ ወንድሜ ለየኔሰው፤

እናትህን፣ ላሟን፣ ጥጃዋን፣ ውበቴንም ሳይቀር እንደምን ናችሁ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ አሁን ቀኑ እንደ ክብሪት ጭሮ ይጠፋል፤ ገና ከሰዓት ሳይሆን ጨለማ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት። አማርኛ የሚናገር ሰው ቢገኝ ኖሮ ያንተን ደብዳቤ ለማስነበብ ቤቱ ድረስ እሄድ ነበር። ብቻዬን ሳቅሁበት፤ አከራዬ ምን ሆንሽ ብላ በሩን አንኳኳች።

ስድስቷን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያታለሁ። አንተ ከአባባ ክፍል አልተማርህም፤ እኔ ተምሬያለሁ። ከሰባት በላይ አይቼ አላውቅም፣ ያየ ሰውም አላውቅም። አሥር ያገኘ ልጅ ደብተሩን ይዘጋል ይላል። እናቴ በሞተች ዓመት እንኳ፣ ክፍሉ ሁሉ ሲያዝንልኝ፣ እሱ ሒሳቤን አርሞ አምስት ነው የሰጠኝ። ያን ጊዜ ጠላሁት። ኋላ ሳስበው፣ በዚያ ዓመት ያልተለወጠ ነገር የእሱ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነበር።

ጥያቄዎቼን ቀድጃቸዋለሁ። አዲሱን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ሰው ስለራሱ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው እንዲናገር አድርጌ ሞከርሁት፤ በጽሑፍም፣ በድምፅም፣ በሥዕልም፣ ዕቃ አንሥቶ በማሳየትም መመለስ ይቻላል።

ደግሞ አንድ ነገር አጣራልኝ። እናንተ አገር ሰው ማንም ሳይጠይቀው ልቡን የሚናገረው መቼ ነው? የት ነው? እሱን ካወቅሁ ጥያቄውን በዚያ ልክ እሰፋዋለሁ። አለቆቼ መልሱ በቃላት ብዛት ይለካ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ እንቢ ብያለሁ። የምከራከርበት ነገር ስጠኝ።

የመኖሪያ ፈቃዴ እስኪታደስ ከዚህ አገር መውጣት አልችልም። ለአባባ በቅርቡ ትመጣለች በለው፤ መቼ እንደሆነ ግን አትንገረው፣ እኔም አላውቀውምና። ባለፈው በስልክ ስናወራ ከኋላህ የሚያስል ሰው ሰምቻለሁ። እሱ ነው? እውነቱን ንገረኝ።

ስርጉት

*

ሞጣ፣ ጥር 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

እታለም ስርጉት፣ ከግድግዳ ጋር የምትኖሪው፤

ጥምቀት አለፈ፣ እኔም በሎሚ ሳልመታ አለፈ። ሎሚ ወርውሬባት የነበረችው ልጅ መልሳ በድንጋይ ወረወረችብኝ። ጤናዬ ከዚህ በቀር ሙሉ ነው።

የምታስለው ዘሪቱ አይደለችም፣ ጋሼ ናቸው። ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄጄ ብርድ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ሰጥተዋቸዋል። ሳምንቱን ሁሉ ውበቴን ለምኜ እዚሁ ሞጣ ነው ያለሁ። ሾርባ እሠራላቸዋለሁ። ሾርባውን ቀምሰው ምንም አይሉም፤ ቀዩን እስክሪብቶ ግን በዓይናቸው ይፈልጉታል።

አዲሱን ጥያቄሽን ከጆሯቸው ሥር ሆኜ አነበብሁት። «አንድ መምህር ክፍሉ ውስጥ መስማት የማይችል ልጅ እንዳለ ሳያውቅ ዓመቱ አለፈ። ያ ልጅ ዓመቱን እንዴት አሳለፈው ይላሉ?» አንብቤ ሳልጨርስ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ጋሼ እኔን አስጽፈው እንዲህ መለሱልሽ፤ አንድ ቃል አልጨመርሁም።

«እኔ አሁን ያ ልጅ ነኝ። ሰው ሲስቅ አያለሁ፣ በምን እንደሚስቅ አላውቅም። የሚነግረኝ የኔሰው ብቻ ነው፤ እሱም ይዋሻል።»

ሰባት ሰጥተውሻል። ሰባት፣ እታለም። ሞጣ ደወል መደወል ነበረባት። ለምን ሰባት አልኋቸው። «ይህ ጥያቄ ይጠብቃል፤ አይቸኩልም» አሉ።

ሳይጠየቅ ልቡን የሚናገር ሰው የት አለ ላልሽው፣ እስካሁን ያገኘሁት ሰካራም ብቻ ነው። እሱንም ማሰላሰያ ውስጥ አስገቢልኝ ብዬ አላስቸግርሽም። አስብበታለሁ።

ለሳሉ አትጨነቂ። እኔ አለሁ፤ ሾርባዬ ካልገደላቸው ሳል አይገድላቸውም።

የኔሰው

*

ሞጣ፣ የካቲት 19 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለየኔሰው፤

ትናንት ወደ ቢቸና ስትመለስ ልነግርህ ፈልጌ አንደበቴ አልታዘዝ ስላለኝ በውበቴ እጅ ይህን ልኬልሃለሁ። ወንድሜን አስናቀውን እግዚአብሔር በአብርሃም እቅፍ ያኑረው። ያስታመምኸው አንተ ነህ፤ ዋጋህን እሱ ይክፈልህ።

ለስርጉት እንደምትጽፍ አውቃለሁ። መርዶ በፖስታ አይላክም። ልጄ ሰው በሌለበት አገር ብቻዋን በር ዘግታ፣ ወረቀት ቀዳ፣ አባትሽ ሞተ የሚል ታንብብ? ስትወድቅ ማን ይይዛታል? የአገር ሰው ፈልገን፣ በማለዳ ከደጇ ደርሰው፣ ይዘዋት፣ አብረዋት አልቅሰው መንገር አለባት። እዚያ አገር ያለ ሰው በየደብሩ እያስጠየቅሁ ነው። እስኪገኝ ድረስ አንተ እንደ ወትሮህ ጻፍ። ዝም ካልህ ታውቃለች። ከደወለች ስልክህን ውበቴ ያንሣው፤ ያንተ ድምፅ አይችልም።

እንደ ወትሮህ ቀልድላት። ከባድ ነገር ማዘዜ ይገባኛል።

አጎትህ አለቃ ወልደ ኪዳን

*

ስዊድን፣ የካቲት 30 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለየኔሰው፤

እንዴት ሰነበታችሁ? ስልክህን አሥሬ ብደውል ውበቴ እያነሣ «የኔሰው የለም» ይለኛል። ከኋላው መናኸሪያውን እሰማለሁ፣ ያንተ ጩኸት ግን የለም። ረዳት የሌለው ሚኒባስ ይሄዳል እንዴ? ስልኩ ምን አግኝቶት ውበቴ ጋ እንዳለ ብጠይቀው «በርሜል ውስጥ ወድቆ» አለኝ። በርሜል ውስጥ የወደቀ ስልክ እንዴት ይናገራል ብለው ዘጋብኝ።

የአባባን መልስ ለአለቆቼ በእንግሊዝኛ አነበብሁላቸው። እኔ አንብቤ ስጨርስ በቃላት ብዛት ይለካ ያለው ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መልሱ የትምህርቱ መግቢያ ይሁን ተባለ። ለአባባ በጆሮው ጩህለት፤ መግቢያ ሆነሃል በለው።

አሁን የመጨረሻው ምዕራፍ ጥያቄ ቀርቶኛል። ከዚህ ጋር አለ፦ «ይህ ትምህርት ሲያልቅ እጅዎ ላይ የቀረው ምንድን ነው? ለማን ይሰጡታል? አንድ ቃልም ይሁን፣ አንድ ዕቃም ይሁን፣ ዝምታም ይሁን፣ እንቀበላለን።» ዝምታን እንደ መልስ መቀበል የሚለውን አለቆቼ አልወደዱትም። አባባ ይረመው። ስንት እንደሚሰጠኝ ለማወቅ እንደ ተማሪ ቀን እቆጥራለሁ።

ደግሞ ልመና አለኝ። ከነጥቡ ሥር አንድ መስመር በራሱ እጅ ይጻፍልኝ። የፈለገውን። የእጁ ጽሑፍ ናፍቆኛል።

ሳይጠየቅ ልቡን ስለሚናገር ሰውም ያልሁህን ረስተኸዋል።

ስርጉት

*

ቢቸና፣ መጋቢት 28 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእታለም ስርጉት፣ ለመግቢያው እናት፤

እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችን በጣም ደህና ነን። በጣም በጣም ደህና ነን። ስልኬ የወደቀው ዘሪቱ የጠላ በርሜል ውስጥ ነው፤ ከወጣ ወዲህ ሰክሮ የሚያውቀው የውበቴን ድምፅ ብቻ ነው። ውበቴም ስልክ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ኮርቶ መንገደኛውን «ሃሎ» እያለ ያሳፍራል። ባለፈው አንድ ፍየል የያዘ ሰውዬ ሁለት ሰው ነህ ብለነው ፍየሉን ከፊት ወንበር አስቀመጠ፣ ራሱ ከኋላ ቆመ። ፍየሉ ደብረ ወርቅ ላይ ወራጅ አለ ብሎ ጮኸ። ውበቴም አቆመለት።

ጋሼ ጥያቄሽን አዩት። በጣም ወደዱት። ይኸው ቀዩን ተመልከቺ፣ ከአሥር አሥር። ለዝምታውም ጭረት አላደረጉበትም። በእጃቸው አንድ መስመር እንዲጽፉ ብለምናቸው እጃቸው ተንቀጠቀጠና ተዉት። ሳሉ ጨርሶ ለቋቸዋል። ምንም አያስሉም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሰው ሳይጠየቅ ልቡን የሚናገርበትን ቦታ አገኘሁልሽ። ለቅሶ ነው።

በቅርቡ ሞጣ ላይ አንድ ሰው ሞተው ነበር። አታውቂያቸውም፣ ነጋዴ ናቸው። ድንኳን ተተክሎ ለቅሶው ቆመ። እታለም፣ አንቺ የምትለፊበት ነገር እዚያ ሳይለፋበት ተሠርቶ አየሁት። ማንም ማንንም ምን ይሰማሃል አይልም። አልቃሿ አንድ ግጥም ታወርዳለች፤ ከዚያ ያለው ያለውን ይዞ ይገባል። መናገር የሚችል በግጥም፣ ግጥም የማይሆንለት በጩኸት። አንድ ዓይነ ስውር ዲያቆን መጡና የሟቹን ኮት ከተሰቀለበት አስወርደው በእጃቸው ከኮሌታ እስከ ኪስ ዳሰሱት፤ የቀኝ ኪሱ ጋ ሲደርሱ እጃቸው እዚያው ቀረ። አንድ ገበሬ ደግሞ መሀል ድረስ ገብቶ ቆመ፣ ምንም አላለም፣ ምንም አላለምና ወጣ። ተናገር ያለው የለም። ለሱም እንደ ተናገረው ሁሉ ተለቀሰለት።

ባንቺዓለም የምትባል ጎረቤታቸው ነበረች፤ አትሰማም፣ አትናገርም። ማንም ምን እንደምታደርግ አላሰበላትም። ቤት ገብታ የሟቹን ጃንጥላ ይዛ ወጣች። ሳትዘረጋው፣ እንደተጠቀለለ በብብቷ ሸጎጠችው፤ ጎንበስ ብላ፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ ኩሬ የሚዘል ሰው እየመሰለች ድንኳኑን ዞረችው። እርምጃቸው ነበር። ራሳቸው የተነሡ መሰለን። አልቃሿ ያዘጋጀችውን ግጥም ተወችና ባንቺዓለምን እያየች ይህን አወረደች፦

ጃንጥላህ ተጣጥፎ አንተ ስትበሰብስ፣
ዛሬ ጣራው ደኅና፣ ዓይናችን ሲያፈስስ።

ያን ጊዜ ያልወደቀ ሰው አልነበረም። ይኸው ነው፣ እታለም። ባንቺዓለምን በቃላት ብዛት ይለኳት እስቲ።

ፍየሉ ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል።

የኔሰው

*

ስዊድን፣ ግንቦት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለየኔሰው፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። እኔ ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።

የለቅሶውን ደብዳቤ ለአለቆቼ ተርጉሜላቸዋለሁ፤ ተከራክሬ ረትቻለሁ። ዝምታም፣ ዕቃም፣ እርምጃም መልስ ሆኖ ይገባል። ይህ ለሥራው ነው።

አባባ አሥር አይሰጥም።

ጃንጥላውን ከናዝሬት የገዛችለት እናቴ ናት። ከሞተች በኋላ በዝናብ ዘርግቶት አያውቅም፣ እንዳያረጅ። በብብቱ ይዞት እየበሰበሰ ከትምህርት ቤት ይመጣ ነበር። እንዲህ ያለ ነጋዴ ሞጣ ላይ ሌላ ካለ ቤተሰቡን እግዚአብሔር ያጽናቸው።

እኔ ግን ምንም አላውቅም። ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ አላለቀስሁም። ልጀምር ብል እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ፤ የሚይዘኝ ሰው ሳይኖር፣ ሰው ሳይነግረኝ፣ በራሴ ላይ መርዶ ነጋሪ ልሁን? በየማለዳው ቀድሜ እነሣለሁ። ልብሴን ለብሼ፣ ቤቱን አስተካክዬ፣ ወንበር አውጥቼ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። የጋዜጣ አዳዩ እርምጃ ሲመጣ ከወንበሬ እነሣለሁ፤ ጋዜጣውን ጥሎ ይሄዳል። የሥራ ሰዓት ሲደርስ ወንበሩን መልሼ እሄዳለሁ። መሥሪያ ቤት እንዴት አደርሽ ይሉኛል፣ ደህና እላለሁ።

ደብዳቤህ በጣም ያስቅ ነበር። የፍየሉን ቦታ ስደርስ ነው የገባኝ። አንተ እንዲህ ለፍተህ አታውቅም።

ለአለቃ ንገራቸው። ምንም አልጠይቅም። ሰው ላኩልኝ።

ስርጉት

*

ቢቸና፣ ሰኔ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

እታለም፤

ደብዳቤሽን ለአለቃ አነበብሁላቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ከዚያ ተነሥተው ወጡ፤ እርጅናቸውን ረስተው በእግራቸው ገዳም ለገዳም ዞሩ። የጁቤ ላይ አንድ ቄስ ወንድማቸው እዚያው ስዊድን እንዳለ፣ ከአንቺ ግን በጣም ሩቅ እንደሆነ ነገሯቸው። ሣህለ ማርያም ይባላል፤ ሚስቱ ሳባ ትባላለች። አንቺንም ጋሼንም አያውቁም። አለቃ ደወሉላቸው። ሰውዬው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ አሉ፦ «አድራሻዋን።»

ይህን ወረቀት ካየሽ ያላየሽ ሁኚ። ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አታንሺው።

ቀልድ የለኝም።

የኔሰው

*

ስዊድን፣ ሐምሌ 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለየኔሰው፤

መጡ።

አሁን በዚህ አገር ፀሐይ አትጠልቅም። ሌሊት ስለሌለ ማለዳ የለም። ሁለቱ ከባቡር ወርደው፣ ማለዳው መቼ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው ሁሉ በተኛበት መንገድ ዳር ተቀምጠው ሰዓት ሲቆጥሩ ነበር። ኋላ ሳባ ናት የነገረችኝ። «እናቴ ወፍ ሲንጫጫ ነው የሚነገረው ትል ነበር፤ እዚህ ወፉም አይተኛም» አለች።

በሩን ስከፍት ነጠላ ለብሳ ቆማለች። በዚህ ከተማ ነጠላ አይቼ አላውቅም። ምንም ሳትለኝ ያዘችኝ። እሱ በሩን ዘጋ። ከዚያ ነገሩኝ፤ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ስም ጠርተው ነገሩኝ። እኔም ያን ጊዜ አወቅሁ። አከራዬ ደንግጣ ወጣች፣ አየችን፣ እሷም ምኑንም ሳታውቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሳባ የመጣችው ለእኔ ነበር፤ መሀል ላይ ግን የራሷን እናት መጥራት ጀመረች። እናቷ ስትሞት ሰው መጥቶ ሳይነግራት በስልክ ነው የሰማችው። ተፈራርቀን ተያያዝን። ሦስት ቀን አደሩልኝ። ሣህለ ማርያም ንፍሮ ቀቀለ፤ አሳረረው።

ተቆጥቼሃለሁ። ይቆየኝ እንዳልል አልቆየኝም፤ ተቆጥቼ ጨርሻለሁ። ማን እንዳዘዘህም አውቃለሁ።

ትምህርቱ ለመስከረም ይከፈታል። እኔ ግን ቆጥሬ አየሁት፤ የዘሪቱን መልስ ልከህልኛል፣ የወለተ ሐናን፣ የአባባን፣ የባንቺዓለምን። የፍየሉን ሳይቀር። ያንተን አንድም ቀን አልላክህም። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ላንተ ብቻ ነው፣ ትምህርቱ ውስጥ አይገባም፦ አባባ በሞተበት ቀን አንተ ምን አደረግህ? እንደፈለግህ መልስ። ባዶ ወረቀትም ብትልክ እቀበልሃለሁ።

እህትህ ስርጉት

*

ቢቸና፣ ነሐሴ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

እታለም ስርጉት፤

መጽናናቱን ይስጥሽ። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ይደምርልን። ይህን ቃል ስጽፍልሽ እጄ ገና አሁን ተፈታ።

ባዶ ወረቀት ልልክ ነበር። አጣጥፌ ፖስታ ቤት ደጃፍ ደርሼ ተመለስሁ። በይ ስሚ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አለቃ ለጸሎት ሄደዋል፤ እኔና ጋሼ ብቻችንን ነበርን። ትኩሳቱ ከጠዋት ጀምሮ ከፍ አለ። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ የሚያዩት ግን እኔን አይደለም። «ስርጉት መጣች?» አሉኝ። አልመጣችም ልል አፌን ከፈትሁ። ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ላይ «ተሳፍራለች» አልሁ።

«ከየት?»

«ከአዲስ አበባ። ጎሐ ጽዮንን አልፋ ወደ አባይ እየወረደች ነው።»

«ወንበር አግኝታለች?»

«ከፊት ነው ያስቀመጥኋት።»

እኔም በልቤ ጥሩ፣ አበቃ አልሁ። ጥቂት ቆይተው «አሁንስ?» አሉ። እንግዲህ የእኔ ሥራ ምንድን ነው? ሰው እየጠራሁ በየከተማው ማሳለፍ። ደጀን ገባች አልኋቸው። ቢቸና ደርሳ ሻይ ጠጣች አልኋቸው። ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ተነፈሰብን አልሁ፤ ለምን እንደዚያ እንዳልሁ አላውቅም፣ ቶሎ እንዳትደርሺብኝ ፈርቼ መሰለኝ። ጋሼ ተናደዱ። «ውበቴን ጎማ ቀይር ብዬው ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ መዘግየት አልቻልሁም። ሞጣ ገባሽ። ከመናኸሪያ በእግርሽ መጣሽ፣ ሻንጣሽን እኔ ተሸከምሁ። ጫማሽን ደጅ አወለቅሽ።

እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። በበሩ ማንም የለም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዞሬ በበሩ በኩል ሄድሁና ያዝሁላቸው።

«እጅሽ ሻክሯል» አሉ።

«ሥራ ነው አባባ» አልሁ። በሕይወቴ አባባ ብያቸው አላውቅም።

«ድምፅሽም ጎርንኗል።»

«ብርዱ ነው።»

ያን ጊዜ ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ የምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አውቀውብኝ ይሁን፣ አንቺን አግኝተው ይሁን። ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ከዚያ በደንብ፣ እንደ ክፍል ውስጥ ቃሉን ለይተው የተናገሩትን ልንገርሽ። ለእኔ የተነገረ ስላልሆነ ከዚህ በላይ ይዤው መዞር አልችልም።

«ያን ሁሉ መንገድ ብቻሽን መጣሽ?» አሉ። ብቻዬን አልሁ። «አይዞሽ። እኔ እዚህ ነኝ፤ አንቺ አረፍ በይ። ነገ እናወራለን።»

እጄን እስኪለቁኝ ድረስ አንቺን ሆኜ ተቀመጥሁ።

የኔሰው